የሀዋኒ ጉድጓድና የባሕር ማዶው ግራር

አዴ ሀዋኒን የማውቃቸው በማር ንግድ ነው። እኔ ጎባ ተቀምጬ ከደሎ መና ቆላ የሚመጣውን ማር የምገዛ ሰው ነኝ፤ ማር ገዢ ደግሞ ማመንን አስቀድሞ አይማርም። በርሜሉን ከፍቼ ረጅም እንጨት እስከ ታች ሳልሰድ ዋጋ አልናገርም፤ ላዩ ማር ሆኖ ታቹ የስኳር ውሃ የሆነ በርሜል ብዙ ጊዜ ገጥሞኛልና። ከአዴ ሀዋኒ በርሜል ግን እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ይህን የምለው እሳቸውን ለማሞገስ ሳይሆን፣ ከዚህ በታች ከሚነገረው ውስጥ እኔ በዓይኔ ያላየሁትን ከእሳቸው አፍ ስሰማ ለምን እንደ ተቀበልኩ ለማስረዳት ነው።

መንደራቸው ሀርቡ ትባላለች። ከደሎ መና ከተማ በታች፣ መሬቱ ቀይ፣ ዛፉ አጭርና እሾሃማ በሆነበት ቆላ ውስጥ ናት። ሀርቡ በኦሮምኛ ሾላ ማለት ነው፤ መንደሪቱም ስሟን ያገኘችው ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው ይዳኙበት ከነበረ ትልቅ ሾላ ነው። ያ ሾላ በአንድ ክፉ የድርቅ ዘመን ደርቆ ወደቀ። በዚያው ዘመን አንድ የእርዳታ ድርጅት፣ ድርቅ አይበግረውም የተባለ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የግራር ዓይነት ችግኝ ለገበሬው አከፋፈለ። የግብርና ሰዎች ፕሮሶፒስ ይሉታል። የአዴ ሀዋኒ ባል፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አንዱን ችግኝ ራሳቸው በቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ተከሉት። ችግኙም የአገሩ ግራር በአንድ ሰው ዕድሜ የሚያድገውን ያህል በጥቂት ክረምት አደገ። ጥላ ያጡት ሽማግሌዎች ወንበራቸውን ወደዚያ አዛወሩ፤ የመንደሪቱም ፍርድ ከአገሩ ዛፍ ወደ እንግዳው ዛፍ ተዛወረ።

የአዴ ሀዋኒ ልጅ ለሚ በዚያ ጉድጓድ አጠገብ ሰው ገደለ። ታሪኩ ረጅም አይደለም። በጋው በበረታበት ወር፣ በከብት ማጠጫ ወረፋ ምክንያት ከማሜ ጋር ተጣላ። ማሜ የኦቦ ቱፋና የአዴ ዙሀይራ ልጅ ነው፤ ከለሚ ጋር አብሮ አደጎች ነበሩ። ለሚ በዱላ መታው፤ ዱላው ያረፈበት ቦታ ክፉ ሆነና ማሜ ከወደቀበት አልተነሣም። ለሚ አልሸሸም። መንግሥት የፈረደበትን ዘመን ታስሮ ወጣ። ይሁን እንጂ በዚያ አገር የመንግሥት ፍርድ የሚያልቀው እስር ቤቱ በር ላይ ነው፤ ከበሩ ውጪ የሟች ወገን ይጠብቃል። ስለዚህ ጉማ የሚባለው የደም ዕርቅ ተደረገ። ከብት ተሰጠ፣ በግ ታረደ፣ የሁለቱ ወገን ወንዶች ከአንድ ዕቃ ወተት ጠጡ። ዱዓውን የመሩት ሽማግሌ የዛፉን ግንድ በመዳፋቸው መታ አድርገው፣ «ይህ ዛፍ እስካለ ድረስ በእነዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ደም አይፈለግም» አሉ። ሕዝቡ ሁሉ አሚን አለ። የሾላው ዘመን ቢሆን በሾላው ያስምሉ ነበር፤ ሾላው ግን ሞቶባቸዋል፤ የማይሞት የመሰላቸውን መረጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚ ገበያ የሚወጣው፣ ሰው መካከል ገብቶ የሚሰግደው፣ በሰርግ ቤት የሚቀመጠው በዚያ ዛፍ ዋስትና ነው። እናቱም ይህን ስለሚያውቁ ዛፉን እንደ ሕፃን ይጠብቁት ነበር። በበጋ ከጉድጓዱ የሚወጣውን የመጀመሪያውን ባልዲ ለሥሩ ያፈሱለት ነበር። ሌሎቹ ሴቶች፣ «አዴ ሀዋኒ፣ ለዛፍዎ ሻይም ያፍሉለት እንጂ!» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር፤ እሳቸውም፣ «ስኳር አበድሪኝና አፈላለታለሁ» ይሉ ነበር።

ዛፉም አላሳፈራቸውም። አበባው ንብ ጠራ፤ ማሩ ነጣ ያለና ጥሩ ጣዕም ያለው ነበር፤ እኔም ያለ ክርክር እገዛው ነበር። እንደ ባቄላ እሸት የተንጠለጠለውን ቢጫ ፍሬውን ፍየሎች ከምንም አብልጠው ወደዱት። ፍየሉ ፍሬውን በልቶ በየደረሰበት በጠጡን በጣለ ቁጥር ደግሞ፣ በጠጡ ካረፈበት ሁሉ አዲስ እሾህ ተነሣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጉድጓዱ ዙሪያ ሰው ተጎንብሶ እንኳ የማያልፍበት ጥሻ ሆነ፤ ሣሩ ጠፋ። የጉድጓዱም ውሃ ወደ ታች ሸሸና በባልዲው ገመድ ላይ ቅጣይ ተቀጠለ። በሚቀጥለው በጋ በቅጣዩ ላይ ሌላ ቅጣይ ተቀጠለ።

በዚህ ጊዜ ከሮቤ፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ኃይለልዑል የሚባሉ መምህር መጡ። እኔም ማር ልጭን ሄጄ ስለ ነበር ንግግራቸውን ቆሜ ሰማሁ። ውሃውን የሚጠጣው ያ ዛፍና ከእሱ የተወለደው ጥሻ ነው አሉ።

«መምህር» አለቻቸው አንዲት ባልዲ የያዘች ሴት፣ «በአገሩ ስንት ጉድጓድ እያለ የኛን ለይቶ የሚጠጣው ምን በድለነው ነው?»

«ዛፍ በደል አያውቅም። ሥሩ ውሃ ያለበትን ይፈልጋል፤ እናንተ ደግሞ አፉ ላይ ተክላችሁ ጠቆማችሁት።»

«የተከሉት የአዴ ሀዋኒ ባል ናቸው! በኛ አያሳብቡ!»

ሴቶቹ ሳቁ። መምህሩ አብረው ሳቁና ወደ ቁም ነገሩ ተመለሱ። በትልቁ ውቅያኖስ መካከል ደሴቶች አሉ አሉ፤ ከእነዚያ ደሴቶች ዝናብ በማይደርስበት ወገን፣ በደረቁ የባሕር ዳርቻ ላይ፣ የዚህ ዛፍ ዘመድ የሆነ እሾህ ደን ሆኖ ተነጥፏል። የአገሩ ዛፍ አልነበረም። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ቄስ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ከተከሉት ከአንድ ዛፍ የተነሣ ነው ይባላል። ከብቱ ፍሬውን በላ፤ ዘሩን ከእበቱ ጋር ዘራው። ሰዎቹም እንደ ሀርቡ ሰዎች ማሩን ወደዱት፣ ጥላውን ወደዱት፣ ከሰሉን ወደዱት፤ በኋላ በዚያ ዳርቻ ቀድሞ ምን ዛፍ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው እየጠፋ ሄደ።

እኔ አላመንኳቸውም። ከሩቅ አገር ምሳሌ የሚያመጣ ሰው ከቅርብ የሚደብቀው ነገር አያጣም የሚል ሐሳብ አለኝ። ዛፉ ቢቆረጥ ደግሞ ማሬ ይቀርብኛል። ስለዚህ፣ «እርስዎስ ከዚህ የሚያገኙት ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አቧራ» አሉኝና መነጽራቸውን መወልወል ጀመሩ። ከዚያም ለሕዝቡ፣ «ግንዱን ብቻ ቆርጣችሁ ብትተዉት ያቆጠቁጣል፤ ጉቶውን ከመሬት በታች ቆፍራችሁ አውጡት። ፍሬውን ለቅማችሁ አቃጥሉ። ያልተቃጠለ ፍሬ ነገ ዛፍ ነው» አሉ።

ሲስቁ የነበሩት ሴቶች ባልዲያቸውን አንሥተው ቆሙ። መምህሩ ግራ ተጋብተው፣ «ምነው፣ ክፉ ተናገርኩ?» አሉ።

አዴ ሀዋኒ፣ «መምህር፣ ያ ዛፍ የልጄ ነፍስ ነው» አሏቸውና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በተከታዩ በጋ ባልዲው ጭቃ ይዞ ወጣ። አንዳንድ ቤተሰብ ከብቱን እየነዳ ውሃ ፍለጋ ወደ ብድሬ ወረደ። የቀሩት ሽማግሌዎቹን ለመኑ፤ ሽማግሌዎቹም፣ «የተማለበትን ዛፍ እኛ ልንነካ አይቻለንም፤ ውሃውን አላህ ያውቃል» ብለው ተነሡ። ለሚ እናቱን፣ «ይቆረጥ። እኔ አገር ጥዬ እሄዳለሁ» አላቸው።

«የሄደ ሰው አይደረስበትም ያለህ ማነው?» አሉት። «ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን የት ትደበቃለህ? በእኔ ምክንያት ሰው ተጠማ፤ በእኔ ምክንያት ደግሞ አንተ አትሞትም። የሚጠየቁትን ሰዎች ራሴ ሄጄ እጠይቃለሁ።»

የሚጠየቁት ኦቦ ቱፋ ነበሩ። ልጃቸው ከሞተ በኋላ ቆላውን ጠልተው ወደ ዲንሾ፣ ወንድማቸው ዘንድ ወጥተው ገብስና በግ ይዘው ይኖሩ ነበር። አዴ ሀዋኒ ለእኔ ደውለው፣ «ብቻዬን ብሄድ ልመና ይመስላል፤ ዘመድ ይዤ ብሄድ ጠብ ይመስላል። እርስዎ ከሁለቱም ወገን አይደሉም፤ አብረውኝ ይሂዱ» አሉኝ። ነገሩ ባይጥመኝም እምቢ ለማለት ምክንያት አጣሁ።

ከደሎ መና በአውቶቡስ በሐረና ደንና በሳነቴ አምባ አልፈው ጎባ ሲደርሱ ፊታቸው በብርድ ጠቁሮ ነበር። እንዲህ ከፍ ወዳለ አገር ወጥተው አያውቁም። በእጃቸው ሲንቄያቸውን ይዘዋል፤ ሲንቄ እናት ለምታገባ ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ነው፤ ሴት ያንን ይዛ ደጅ ላይ ከቆመች የቤቱ ባለቤት ጉዳይዋን ሳይሰማ አያባርራትም። ከሮቤ በሚኒባስ ወደ ዲንሾ ስንሄድ በመስኮቱ እያዩ፣

«በዚህ ብርድ ሰው ይኖራል?» አሉኝ።

«ይኖራል እንጂ። ብርድ ነገር አያበላሽም።»

«ቂምም?» አሉ።

ብርዱ እንዳይገባባቸው መስኮቱን ዘጋሁላቸው።

ኦቦ ቱፋ ቤት ስንደርስ አዴ ሀዋኒ ወደ ግቢው አልገቡም። በሩ ላይ ሲንቄያቸውን ተክለው ቆሙ። ኦቦ ቱፋ ከገብስ ክምሩ ዞር ብለው ረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ አዴ ሀዋኒ።

«ወአለይኩም ሰላም። የገዳይ እናት ቱፋ ቤት መጣች ብለው ጎረቤቶቼ ሊያወሩ ነው። ግቢ፤ ወሬው ከሞቀ እኛም በዚህ ብርድ እንሞቃለን።» ወደ እኔ ዞረው፣ «ይህስ ማነው? ጠበቃ ነው?»

«ማር ነጋዴ ነኝ» አልኩ።

«ምላሱ ይጣፍጣል በሉኛ» አሉ ኦቦ ቱፋ፤ አልሳቁም።

አዴ ሀዋኒ አልተቀመጡም። ነገሩን ሳያስረዝሙ ተናገሩ፤ ውሃው ማለቁን፣ ዛፉ መቆረጥ እንዳለበት፣ ዛፉ ግን የዕርቁ ዛፍ መሆኑን። «ያለ እናንተ ፈቃድ ምሳር አላነሣበትም። ፍቀዱልኝ ብዬ መጣሁ» አሉ።

ኦቦ ቱፋ እጃቸውን ከገብስ ገለባ አራገፉ። «እኔ በበኩሌ የማልኩት በአላህ ነው፤ በእንጨት አልማልኩም። የእኔ ቃል ዛፉ ቢወድቅ አይወድቅም። ነገር ግን ሽማግሌው ‹ዛፉ እስካለ› ያሉትን ልጄ ዓብዱልፈታሕ ሰምቷል፤ ሌላውን ሁሉ ረስቶ እሷኑ ብቻ ይዟል። ደግሞም...» ወደ ቤቱ በር አመለከቱ። «የማሜ እናት እዚያ ናት። ያን ቀን ወንዶች ተቀምጠን ጨረስነው። እሷን የጠየቃት የለም።»

አዴ ዙሀይራ ከበሩ ጀርባ ሲሰሙ ነበር። ወጡ፤ ሰላምታም አልሰጡ።

«ልጄ የሞተው በዚያ ውሃ ነው» አሉ። «ውሃው እየጠፋ ነው ሲሉኝ ደስታ ይመጣልኛል ብዬ ጠበቅሁ።»

«መጣልሽ?» አሉ አዴ ሀዋኒ።

«ወላሂ ጠብቄዋለሁ። አልመጣም።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። በመካከላቸው የሲንቄው በትር ብቻ ነበር። ከዚያ አዴ ዙሀይራ የሚሉትን በጥንቃቄ፣ ቀድሞ እንዳዘጋጀ ሰው ተናገሩ።

«ዛፉ እስካለ ተብሏል። እንግዲያስ አይጥፋ። ይቆረጥ፤ ግን አይሸጥ፣ ከሰል አይሁን፣ አንዲት ቅንጣቱን እሳት እንዳያገኛት። ግንዱም ቅርንጫፉም ሁሉ ወደ ልጄ መቃብር ይሂድና አጥር ይሁንለት፤ ፍየልና ጅብ ይሄድበታል። የሚቆርጠውም የሚያጥረውም ያንቺው ልጅ ብቻ ነው። እኔ ቆሜ አያለሁ።»

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ሥጋቴን አልደበቅኩም። ገዳይን ወደ ሟች መቃብር የሚጠራ ሰው አጥር ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ለሚ ጎንበስ ብሎ ካስማ ሲቸክል ከኋላው የሚቆመው ማን እንደሆነ ያስቡበት አልኳቸው።

«ኦቦ መሸሻ» አሉኝ፣ «እርስዎ ማር ሲገዙ እንጨቱን እስከ በርሜሉ ታች ይሰዳሉ። ሰውን ግን እንደዚያ እስከ ታች ከቆሰቆሱት ያልነበረውም ይደፈርሳል።»

የተባለው ቀን ደረሰ። እኔም በማር ሰበብ ወርጄ ነበር። ለሚ ከማለዳ ጀምሮ የዛፉን ሥር ቆፈረ፤ ጉቶው ከመሬት በታች እስኪወጣ ድረስ ማንም አላገዘውም፤ አዴ ዙሀይራ ያሉት እሱ ብቻ ብለው ነውና። ዛፉ ሲወድቅ የፍሬው ወራት ስለ ነበር ቢጫው ፍሬ በየቅርንጫፉ እንደ ተንጠለጠለ ነበር። አንድ ሰው መምህሩ ያሉትን አስታውሶ፣ «ፍሬው ይቃጠል እንጂ» አለ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። አንዲት ቅንጣት እሳት አያግኛት ተብሏል፤ ፍሬውም የዛፉ ቅንጣት ነው፤ እሳት ካገኘው ዕርቁ ተቃጠለ ማለት ነው አሉ። በመንደሪቱ ይህን የሚከራከር ሰው አልተገኘም፤ እኔም ቢሆን ትክክል መሰለኝ። እሾሁ ከነፍሬው በአህያ ተጎትቶ ወደ መቃብሩ ሄደ። መቃብሩ ከጉድጓዱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው።

አዴ ዙሀይራ፣ ኦቦ ቱፋና ዓብዱልፈታሕ በዚያ ቆመው ነበር። ዓብዱልፈታሕ በጨርቅ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር በብብቱ ይዟል። እኔ ከጨርቁ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም። ለሚ አጎንብሶ የመጀመሪያውን ካስማ ጉድጓድ ሲቆፍር ዓብዱልፈታሕ ወደ እሱ ተራመደ፤ ጨርቁንም ፈታ። መጥረቢያ ነበር። ራቅ ብለው ተቀምጠው የነበሩት አዴ ሀዋኒ ሲነሡ ሲንቄያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

ዓብዱልፈታሕ ከለሚ ራስ በላይ ቆሞ፣ «ወንድሜን አንተ ብቻህን ልታጥርለት ነው?» አለ። ቀጥሎም አንዱን ቅርንጫፍ ጎትቶ ጫፉን ለካስማ መጥረብ ጀመረ። አዴ ዙሀይራ፣ «እሱ ብቻ ብያለሁ» አሉ። ልጃቸው አልሰማም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። እስከ ማታ ሁለቱ ጎን ለጎን ሠሩ፤ አንዲት ቃል አልተለዋወጡም። እጃቸው በእሾሁ ደማ። ሰው ይህንን እንደ መልካም ምልክት ቆጠረው። እኔ አልቆጠርኩትም፤ ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። ሆኖም ከዚያ በኋላ ለሚን ለደም የፈለገው ሰው አልነበረም።

ውሃው በአንድ ጊዜ ባይሆንም ተመለሰ። ጥሻው በየዓመቱ በቁፋሮ ተጸዳ፤ ከገመዱ ቅጣይ አንዱ ተፈታ። ወደ ብድሬ ከወረዱትም አንዳንዱ ተመለሰ።

በመቃብሩ ላይ ግን ፍየሎቹ ፍሬውን ከአጥሩ ላይ በሉ፤ ከፊሉም ረግፎ ወደ ውስጥ ገባ። ዝናብ ሲመጣ ከማሜ መቃብር ላይ ለጋ እሾህ በቀለ። አዴ ሀዋኒ ቀድመው አዩት፤ ነቅለው ሊጥሉት ጎንበስ እንዳሉ ግን የሰዎች ዓይን እንዳለ አስታውሰው ቀና አሉ። መቃብር ላይ የበቀለ ለምለም ነገር አላህን ያወድሳል፤ አይነቀልም ይባላል። የሚነቅለው ሰው የገዳይ እናት ሲሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። አዴ ዙሀይራ ለዚያራ፣ መቃብሩን ሊጎበኙ፣ ከዲንሾ ሲወርዱ ለምለሙን አዩ፤ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ያ ሁሉ ዓመት ያልወጣላቸው ዕንባ ነበር ይላሉ ያዩት። «ልጄ ጥላ አገኘ» አሉ። «ይህንን የሚነካ እኔን ነካ።»

ለጋው በጥቂት ዓመት ዛፍ ሆነ፤ አፈራም። ከተዳፋቱ በታች ጉድጓዱ ይታያል። አዴ ሀዋኒ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በፍሬው ወራት በየቀኑ እየወጡ፣ ነጠላቸውን ከዛፉ ሥር ዘርግተው፣ የወደቀውን ፍሬ ፍየል ሳይደርስበት ይለቅሙ ጀመር። ማቃጠል አይችሉም፤ ቃል ነው። ስለዚህ ቤታቸው ወስደው ዘሩ እስኪደቅ ድረስ በሙቀጫ ይወቅጡትና ለፍየሎች ይሰጡታል፤ የደቀቀ ዘር አይበቅልምና። አንድ ቀን አዴ ዙሀይራ ሳይታሰብ መጡና አዴ ሀዋኒን በጉልበታቸው እንደ ተንበረከኩ አገኙዋቸው።

«ከልጄ ላይ ምን ትወስጃለሽ?» አሉ።

አዴ ሀዋኒ አልዋሹም። ይህ ፍሬ ወደ ታች ከወረደ ጉድጓዱ እንደገና እንደሚደርቅ ነገሩዋቸው። አዴ ዙሀይራ ፍሬ የሞላውን ነጠላ ተመለከቱ። ቀጥሎም፣ «ፍሬው ያንቺ ይሁን። ዛፉ የኔ ነው። ከአንቺ በቀር ግን ማንም እጁን እንዳይዘረጋበት» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተው ለዱዓ ቆሙ።

አንድ ጊዜ፣ «ከእርስዎ በኋላስ ማን ይለቅማል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ማሩን እየለኩ ስለ ነበር የሰሙኝ አልመሰለኝም።

ዘንድሮ በፍሬው ወራት አዴ ሀዋኒ ታመሙ። ለሚ አምጥቶ ጎባ ሆስፒታል አስተኛቸውና ከብቱ እንዳይጠፋ ወደ ሀርቡ ተመለሰ። እኔ ልጠይቃቸው በገባሁ ቁጥር ስለ ሕመማቸው አይናገሩም። ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «ዛሬ ነፋስ አለ?» ይላሉ። ነፋስ ፍሬውን እንደሚያረግፈው ገባኝ። በሦስተኛው ቀን እጄን ያዙኝ።

«ኦቦ መሸሻ፣ ከቆላ የመጣ ሰው አግኝቼ ነበር። የእንግዳ ፍየል መንጋ ወደ ሀርቡ እየወጣ ነው አሉ። ለዙሀይራ ይደውሉልኝ። ለሚ እንዲለቅም ትፍቀድልኝ።»

ለሚ አጥሩን ካጠረበት ቀን ወዲህ ወደዚያ መቃብር ረግጦ አያውቅም። እኔም ይህ የማይሆን ነገር ነው፣ የተኛ ነገር መቀስቀስ ነው ብዬ ልከለክላቸው ፈለግሁ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ስልኬን አወጣሁ። አዴ ዙሀይራ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ፣ «ሃሎ!» አልኩ።

«አልሞትኩም፣ አለሁ» አሉ። «ታማለች ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«ይልቀም» አሉ። «ግን የልጄን ስም ሳይጠራ እጁን እንዳይዘረጋ። እኔ መስማቱን አልፈልግም፤ እናቱ ትስማ።»

ለለሚ ደወልኩና የተባለውን ነገርኩት። ስልኩን ሳይዘጋ ተነሣ፤ ወደ ተዳፋቱ ሲወጣ የሚተነፍሰው ብቻ ይሰማ ነበር። ስልኩን በአዴ ሀዋኒ ትራስ አጠገብ አኖርኩት። ለሚ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይጮኻል፤ ከሩቅ የፍየል ድምፅ ይሰማል። እኔ ስልኩን ሊዘጋው ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ማሜ» አለ። «አሰላሙ አለይከ፣ ማሜ። ለሚ ነኝ።»

ከዚያ ደረቁ ፍሬ ጆንያ ውስጥ ሲወድቅ መሰማት ጀመረ። አዴ ሀዋኒ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ትንሽ ቆይተው ከንፈራቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉና፣

«ከአጥሩ ውጪ የወደቀውንም» አሉት።